ሣር አልረግጥም ያለችው ልጅህ

ውድ የድንቡሼ አባት፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ነገር ግን ትናንት የላክኸውን መልእክት ካነበብኩ ጀምሮ ንዴቴ አልበረደልኝምና ሰላምታው ይቆየኝ። «አፈር ላይ ልቀቂያት፣ ራሷ ትለምዳለች» ነው ያልከው፣ አይደል? ልቀቂያት! እንደ ጫጩት! አንተ እዚያ ማዶ በረሃ ለበረሃ መንገድ ስትቀይስ ስለምትውል ነገር ሁሉ በአንድ መስመር የሚያልቅ ይመስልሃል። እዚህ ቤት ግን ጥርሷን እንኳ በቅጡ ያላበቀለች አንዲት ፍጥረት፣ በአንድ የደረቀ ቅጠል ሰበብ ሁለት ትልልቅ ሴቶችን ስታንበረክክ ትውላለች።

ይህን በስልክ ላስረዳህ ሞክሬ አልሆነልኝም። አንዴ መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንዴ አንተ «እሺ እሺ» ብለህ ወደ ሌላ ወሬ ትዘላለህ። ስለዚህ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ወረቀት ላይ ቢያንስ መሃል ገብተህ አታቋርጠኝም።

ከሥሩ ልጀምርልህ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ እግሯ የሚያውቀው ምንጣፉን፣ የሚያንሸራትተውን የኮሪደር ወለልና የእኛን ጭን ብቻ ነው። ዳዴ ማለት የጀመረች ሰሞን ቤቱን እንደ መወልወያ ታዳርሰው ነበር፤ ከወንበር ሥር ያለው አቧራ ሁሉ በእሷ ጉልበት ነበር የሚወጣው። ታዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢ አውርጄ ሣር ላይ ሳስቀምጣት፣ እሳት የነካት ይመስል እጇን ሰበሰበችና መዳፏን ገልብጣ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ምን አድርጌሽ ነው?» የምትለኝ ነበር የሚመስለው። አነሣኋት፣ ሳቅኩ፣ ረሳሁት። ነገሩ ትንሽ ነበር። ትንሽ ሆኖም ይቀር ነበር፣ አንተ ለእረፍት መጥተህ ባታባብሰው ኖሮ።

አዎ፣ ዛሬ እናገረዋለሁ።

የዚያን ቀን «ቀስ በል፣ ትፈራለች» ስልህ «የኔ ልጅ የጥጥ ልጅ አይደለችም» አልክና ብብቷን ይዘህ ወደ ሣሩ ዝቅ አደረግሃት። ሁለት እግሯን እንደ አውሮፕላን ጎማ ወደ ሆዷ አጠፈች። ዝቅ ባደረግሃት ቁጥር ታጥፋለች፤ ባጠፈች ቁጥር አንተ ትስቃለህ። በመጨረሻ ዘፍ አድርገህ አስቀመጥካትና፣ እንዳትይዝህ ወደ ኋላ ሸሸት ብለህ ስልክህን አወጣህ፤ ልትቀርጻት። ወዴት ትሂድ? ዙሪያዋን ሁሉ ሣር ነው። ትንፋሿ እስኪጠፋ፣ ከንፈሯ እስኪጠቁር አለቀሰች። ሮጬ ሳነሣት ምን አልክ? «ተያት፣ ይለቃታል።»

አልለቃትም። አንተ በነጋታው ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ፤ እኛ ከጣጣው ጋር ቀረን። ከዚያ ወዲህ ጠላቷ ሣር ብቻ አይደለም። አሸዋ፣ ጠጠር፣ እርጥብ አፈር፣ የረገፈ ቅጠል፣ የጎረቤት በር ላይ ያለው ሻካራ የእግር መጥረጊያ ሳይቀር ጠላቷ ሆነ። ደረጃ መውረድ ስንጀምር አንገቴን አንቃ ትይዛለች። ግድግዳ ይዛ መቆም የጀመረችው ልጅ መቆሙን ተወችው። ከሁሉ የከፋውን ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረህም፤ ድምፅህን በስልክ ስትሰማ እግሮቿን ትሰበስባለች። አንተ «ልጄን አሳዩኝ እንጂ» ስትል እናትህ ስልኩን ከእጄ ይቀሙና «ተኝታለች የኔ ጌታ» ይሉሃል። በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ተቀምጣ! ልንገረው ስላቸው «ልጄ እዚያ ብቻውን ነው፣ ሆዱ ይባባል» አሉኝ። የኔ ሆድ ድንጋይ ነው መሰል።

የእናትህ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ እወዳቸዋለሁ፤ ባይመጡልኝ ኖሮ ሥራዬን ለቅቄ ነበር። ግን ያቃጥሉኛል። መጀመሪያ ጥፋቱ የፎቁ ነው አሉ። «የኔ ልጆች አፈር እየላሱ ነው ያደጉት፤ እናንተ ልጅን እንደ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ታሳድጋላችሁ።» ቀጥሎ ጥፋቱ የኔ ሆነ፤ እርጉዝ ሳለሁ ቤት ውስጥ እንኳ ጫማ ስላላወለቅኩ ነው አሉ። ከዚያ ወፍራም ካልሲ ሁለት ደርበው አለበሷትና ግቢ አወረዷት። ካልሲው ሣር ሲነካ አየች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካልሲ ማየት ጠላች። አሁን በብርድ እግሯን በምን እንደምሸፍንላት አትጠይቀኝ።

እናትህ የዓይን ሕክምናቸው ስለደረሰ ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነው። እኔም ማተሚያ ቤቱን ትቼ ቤት መዋል አልችልም። ስለዚህ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ያለውን የሕፃናት ማቆያ አነጋገርኩ። ግቢው ግማሹ አሸዋ፣ ግማሹ ሣር ነው፤ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ውጭ ሲንከባለሉ ይውላሉ። ለሙከራ ወሰድኳት። ሞግዚቷ ተቀብላኝ፣ መሬት ልታስቀምጣት ገና ጎንበስ ከማለቷ ድንቡሼ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ሕፃናት አጀቧት። ሴትዮዋ ላብ በላብ ሆና መለሰችልኝ።

«እህቴ፣ ልጅሽን ጠልቼ አይደለም። ግን ይህን ሁሉ ልጅ ይዤ አንዷን አዝዬ መዋል አልችልም። መሬት ሲስማማት አምጫት።»

መሬት ሲስማማት! መሬት የማይስማማት ከሆነ የት ልውሰዳት? ጨረቃ ላይ?

በነጋታው ወረቀት መቁረጫው ማሽን አጠገብ ቆሜ ይህንኑ ሳወራ፣ መጻሕፍት የምትሰፋዋ ጠራዥ ሰማችኝ። ልጆች አሳድጋ የጨረሰች ሴት ናት። መርፌዋን ሳታቆም «እግሯን ምን አስጨነቀሽ? ከእጇ ጀምሪ። ያውም ቤት ውስጥ፣ በራሷ ግዛት» አለችኝና ቁርጥራጭ ሰብስባ ሰጠችኝ፤ ሻካራ ካርቶን፣ የሽፋን ሸራ፣ የቆዳ ቅዳጅ፣ አንድ ብጣሽ ጆንያ። ምንጣፉ ላይ በተንኩላትና የማላያት መስዬ ዞር አልኩ። ሸራውን ቀመሰችው። ካርቶኑን አኘከችው። ጆንያውን መጀመሪያ በማንኪያ ነካችው፤ በሌላ ቀን በጣቷ፤ ሲሰነብት ላዩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። መድኃኒቱ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። እናትህ ግን ነገሩን ማፋጠን አማራቸው።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ምንጣፉ ላይ፣ በትልቁ ትሪ፣ ሣር ተከምሯል። ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው መናፈሻ ነው፤ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከተተከለበት። በፌስታል ነቅለው አምጥተው!

«እማማ፣ ክልክል ነው እኮ!»

«መርገጥ ነው የተከለከለው። መንቀል መች አለ?»

ድንቡሼ ትሪውን በጥርጣሬ ዞረችው። በማንኪያዋ ጫፍ ገፋችው። ትሪው ተገለበጠና ሣሩ ከነአፈሩ ምንጣፉን አለበሰው። በቃ፣ ምንጣፉንም ፈራችው! በዚህ ዓለም ላይ የቀራት መሬት የእኔ ጀርባ ብቻ ሆነ። አዝያት ምንጣፉን ጠረግሁ፣ አዝያት ምግብ ሠራሁ፤ እናትህ አኩርፈው ግድግዳ ያያሉ። ልክ በዚያች ሰዓት አንተ ደወልክ። «እህሳ፣ ለመደች?» አልክ። ስልኩን ለምን እንደዘጋሁብህ አሁን ገባህ?

ቅዳሜ ወደ መናፈሻው ወረድን። ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፤ ቤቱ ስለጠበበኝ ነው። ሣሩ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ድንቡሼ መሃሉ ላይ እንደ ንግሥት ጉብ አለች፤ ጫፉን እንኳ ላለመንካት እግሯን ሰብስባ። ጆንያዋን ሰጠኋት፣ ወረወረችው። ዘፈንኩላት፣ አጨበጨብኩላት። ጫማዬን አውልቄ ዘለልኩ፤ እኔ፣ ሠርጌ ላይ እንኳ ያልዘለልኩት ሴት! ዝም ብላ አየችኝ። ያዘነችልኝ መሰለኝ። በዚህ መሃል እናትህ ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ አስቀምጫት! ልጄ ትክክል ነበር፤ ካልጨከንሽ አትለምድም» አሉ።

ያኔ በቃኝ። «አልቻልኩም! ካወቃችሁበት እናንተው አሳድጓት!» ብዬ ጮህኩና በጀርባዬ ሣሩ ላይ ተዘረርኩ። ክንዴን ዓይኔ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው ያየኝ አያየኝ ግድ አልነበረኝም።

ትንሽ ቆይቶ ሆዴ ላይ ክብደት ተሰማኝ። ድንቡሼ ናት። ከብርድ ልብሱ በቀጥታ እኔ ላይ ወጥታ፣ እየተሳበች ፊቴን ልታይ መጥታለች። ክንዴን ከዓይኔ ላይ ገፋችው። እንባዬን በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። አልተናገርኩም፣ አልነካኋትም፤ መተንፈስም ፈራሁ። ከዚያ በሌላው ጎኔ በኩል ያለውን ሣር አጮልቃ አየች። ውኃው ይቀዘቅዝ እንደሆነ እንደሚሞክር ሰው አንድ እግሯን ወደ ታች ሰደደች። ነካችውና መለሰችው። ሎሚ እንደቀመሰ ሰው ፊቷን አጨማደደች። አየችኝ፤ እዚያው ነኝ፣ የትም አልሄድኩም። እንደገና ሰደደችው። ሁለተኛውም ተከተለ። ቀሚሴን ጨምድዳ፣ ጎኔን ተደግፋ፣ ሣር ላይ ቆመች።

ያን ጊዜ ፊሽካ ተነፋ።

የመናፈሻው ጥበቃ ነው። «እህቴ! ማንበብ አትችይም እንዴ? መርገጥ ክልክል ነው እኮ!»

«አልረገጥኩም፤ ተኝቻለሁ» አልኩት ሳልንቀሳቀስ።

«እሷስ?»

«እሷ ማንበብ አትችልም።»

ጠጋ ሲል እናትህን አያቸው። «አሃ! እርስዎ ነዎት ለካ! ሣሩን በፌስታል ሲያግዙ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?» እናትህ ተነሥተው መሃላችን ቆሙ። ድንቡሼን ፊሽካውም አላስደነገጣት፤ ጎንበስ ብላ እፍኝ ሣር ጨብጣ መጎተት ጀመረች።

«ኧረ እየነቀለች ነው!» አለ ሰውየው።

«ትንቀል!» አሉ እናትህ። «ትንቀለው! እኔ መጥቼ እተክልልሃለሁ። አሁን ግን ያንን ፊሽካ ከአፍህ አውጣልኝ!»

ጥበቃው እኔን አየ፣ ልጅቷን አየ። እንዴት እንደገባው አላውቅም፤ ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ጀርባውን ሰጠን። «እኔ አላየሁም» አለ። ቆየት ብሎ ግን ዘወር ብሎ አጮልቆ «ወፌ ቆመች» ሲል ሰምቼዋለሁ።

እናትህ ጫማቸውን አወለቁና አጠገቤ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ ትክክል አልነበረም» አሉኝ። «እኔው እነግረዋለሁ።» አልነገሩህም። አይነግሩህምም፤ ታውቃቸዋለህ። ስለዚህ እኔ ነገርኩህ።

ተአምር የሆነ እንዳይመስልህ ደግሞ። ሞግዚቷ ተቀብላታለች፤ በግቢው ሣር ላይ ትውላለች፤ አሸዋው ዳር ስትደርስ ግን መኪናውን እንደሚያዞር ሾፌር ዞራ ትመጣለች። እርጥብ ቅጠል ሲነካት አሁንም ሰፈሩን ታሰማለች። እኔም አሁንም ደክሞኛል።

በቅርቡ እመጣለሁ ብለሃል። እለምንሃለሁ፤ አይ፣ አልለምንህም፣ እነግርሃለሁ፤ ስትደርስ ሮጠህ እንዳታነሣት። እግሯን ብትሰበስብብህ እንዳትቆጣ፣ እንዳትስቅም። መናፈሻው ውስጥ ታገኘናለህ። ጫማህን አውልቅና ራቅ ብለህ መሬት ላይ ተቀመጥ። ስልክህን ከኪስህ አታውጣ። አትጥራት። የዚያን ቀን ካልመጣች በነጋታው ትቀመጣለህ፤ እኔም እየተነጫነጭኩም ቢሆን አጠገብህ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ራሷ ትመጣለች። ጭንህ ላይ ወጥታ፣ ደረትህን ይዛ፣ ፊትህን ቀና ብላ ታየዋለች።

ያኔ አትንቀሳቀስ።

ከነንዴቴ ናፍቀኸኛል።

የድንቡሼ እናት