የቡሌው ድንጋይ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሞላ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ሳሎኑን ቀለም አስቀባነው፤ መደርደሪያህ ግን ባዶ ነው፤ ድንጋዮችህን ለኮሌጁ ሙዚየም ሰጠኋቸው። ዛሬ የምጽፍልህ ይህንኑ ልነግርህ ነው፤ ጥፋቴንም ጭምር።

ለአርባህ እንግዳ ስንጠብቅ ድንጋዮቹ አቧራ ለብሰው አየሁና አሳፈሩኝ። ሁሉንም ገንዳ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። አንተ እያንዳንዱ የተነሳበትን ቦታ የምትጽፍበትን ወረቀት የምትለጥፈው በዱቄት ሙጫ መሆኑን እያወቅሁ! ስመለስ ጽሑፎችህ ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። በእርሳስ ስለምትጽፍ ቃሉ አልጠፋም፤ የትኛው የየትኛው ድንጋይ እንደሆነ ግን ጠፋኝ። አድርቄ በግምት መልሼ ለጠፍኳቸው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ለተማሪዎችህ የምትለውን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። የድንጋይን ስም የሚያውቅ ሰው አይቶ ይነግራችኋል፤ የተነሳበትን ቦታ ግን ያነሳው ሰው ካልጻፈው ማንም አያውቀውም ትል ነበር።

የሙዚየሙ ኃላፊ፣ ረጋ ያለች ሴት፣ ወረቀቶቹን እያነበበች ጥንቃቄህን ስታደንቅ የምገባበት ጠፋኝ። ዝም ብል ስምህ ከነክብሩ ይቀመጣል። ብናገር የስንት ዓመት ልፋትህ ከመንገድ እንደተለቀመ ኮረት ሊቆጠር ነው። ተናገርኩ። አልተቆጣችኝም። ወረቀቶችህን አንድም ሳትጥል ፖስታ ውስጥ አኖረቻቸው፤ ለድንጋዮቹም «የተነሱበት ቦታ አይታወቅም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ያቀላቀለቻቸው ልጁ ናት» የሚል እንድትጨምር ለመንኳት፤ ጨመረች።

አንዱ ብቻ ተረፈ፣ የቡሌው። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ከዲላ ወጣ ብላ ካለችው ቡሌ አብረን ሄደን ያመጣነው። አይሱዙው ላይ ስወጣ ከእጄ አምልጦ ጥጉ ተሸረፈ፤ የተሸረፈበትን ዳስሼ አወቅሁት። የእሱን ወረቀት በገዛ እጄ ጻፍኩ፤ ቡሌ፣ ከመንገዱ በላይ ካለው ገደል፣ አባቴ ያነሳው፣ ጥጉን የሸረፍኩት እኔ።

ለቀስተኛው ሁሉ አባትሽ ተቆጥቶ አያውቅም ሲለኝ አንገቴን እየነቀነቅሁ እቀበል ነበር። ድንጋዩ የተሸረፈ ቀን ግን ጮህክብኝ። እስከ ዲላም አላናገርከኝም። ስንደርስ ድንጋዩን ከጭንህ አንስተህ ለእኔ ሰጠኸኝና ቦርሳዬን አንተ ተሸከምክልኝ።

ናፍቀኸኛል፣ አባዬ። አልረሳህም። የማስታውስህ ግን እንዳየሁህ ነው፤ ከነጩኸትህ፣ ቦርሳዬን ይዘህ ከፊቴ ስትሄድ። የማላውቀውን አልለጥፍብህም።

ልጅህ