መኪና ተከልክለው በመንገድ ስለ ሞቱት ዶክተር ወለተ ሐና ገብረ አማኑኤል

የዋግ ተወላጆች የመምህራን ማኅበር፣ አባሉና የሥነ ሕይወት ምሁር የነበሩት ዶክተር ወለተ ሐና ገብረ አማኑኤል መጋቢት 19 ቀን 1966 ዓ.ም. በተስቦ በሽታ ማረፋቸውን ለአባላቱና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሐዘናችንን ከቁጣችን ለይተን ማቅረብ ግን አልቻልንም።

ዶክተር ወለተ ሐና ደሃና ውስጥ ከካህን ቤተሰብ ተወልደው፣ በሰቆጣና በደሴ ተምረው፣ በ1962 ዓ.ም. በውጭ አገር ከፍተኛ ትምህርታቸውን ፈጽመዋል። ያጠኑት ሜቲል የተባለችውን ትንሽ የኬሚካል ቅንጣት በዲኤንኤ ላይ የሚለጥፉትን ኤንዛይሞች ነበር። ቅንጣቷ በዘር የሚተላለፈውን መልእክት አትለውጥም። የጉበትና የዓይን ሕዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩት ግን፣ አንዱን ጂን የምታሠራ ሌላውን የምታግድ እርሷ ሆና ይሆን? ዶክተሯ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ገና መልስ ላላገኘ ጥያቄ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ተመልሰው በአዲስ አበባ ማስተማር ጀመሩ።

በ1965 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ሰቆጣ ሲገቡ፣ ከጋዝጊብላና ከደሃና የተሰደደውን ገበሬ ገበያው ዳር ወድቆ አገኙት። ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። በአንድ ባዶ መጋዘን መጠለያ ከፍተው፣ ከከተማው ሰው እህል እየለመኑ አጥሚት አጠጡ። አንድ ባልደረባችን የእርጉዞቹ ረሃብ በልጆቻቸው ጂን ላይ ምልክት ይተው እንደሆነ ደም ወስደው ለምን እንደማይመረምሩ ቢጠይቃቸው፣ «ጥያቄዬ ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ይብሉ» አሉት።

መጠለያው ውስጥ ተስቦ ገብቶ ለበሽተኞቹ መኪና ሲለምኑ አንድ ሹም፣ «በእኔ አውራጃ የእህል እጥረት እንጂ ረሃብ የለም። አርፈሽ ወደ ተማሪዎችሽ ተመለሺ!» ብሎ አባረራቸው።

ቆይቶ ተስቦው እርሳቸውንም ያዛቸው። አባታቸው መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ከሹሙ ደጅ ቆመው፣ «ልጄን ደሴ አድርሱልኝ» እያሉ ለመኑ። መኪናው ግቢው ውስጥ ነበር። ከጠቅላይ ግዛቱ ለሚመጡ እንግዶች ተይዟል ተባሉ። እንግዶቹ መጡ፣ ተጋበዙ፣ ሄዱ። ዶክተር ወለተ ሐና በቃሬዛ አውራ ጎዳናው ላይ ወዳለችው ኮረም ሲወሰዱ ከመንገድ ላይ አረፉ።

ያው የሹሙ መሥሪያ ቤት ለቀብሩ የሐዘን ንግግር ልኮ ነበር። እንዳይነበብ የከለከልነው እኛ ነን፤ አንጸጸትም።

ለአባታቸው ለመሪጌታ ገብረ አማኑኤል፣ ለእናታቸው ለወይዘሮ ጥሩሐረግ፣ ለተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥልን።

በመጋዘኑ ውስጥ ዛሬም በተስቦ የተያዙ አሉ፤ መኪናውም ከሹሙ ግቢ እንደ ቆመ ነው። ነገ ጠዋት የምንሄደው ልንለምን አይደለም። ልንወስደው ነው።

የዋግ ተወላጆች የመምህራን ማኅበር
ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 1966 ዓ.ም.