ቤቱ ሳይደርሱ ጥሩምባ አይነፋም

አቶ እንድርያስ ሄራሞ ከአባታቸው ከአቶ ሄራሞ ሽብሩ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሊሻን ብዙነህ በ1949 ዓ.ም. በሞርሲቶ ተወለዱ። አባታቸው የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ፤ ለቅሶ ቤት ገብተው ሟቹን በዓይናቸው ሳያዩ ጥሩምባውን ወደ አፋቸው አያስጠጉም ነበር። ልጃቸው ድምፃቸውንም ግትርነታቸውንም ወረሱ።

ትምህርታቸውን በሞርሲቶና በሆሳዕና ተከታትለው ጥቂት ዓመታት አስተማሩ። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሂሩት ዘርአብሩክ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሐዳሳንና አሞጽን አፍርተዋል። ወደ ማስታወቂያ ሥራ የገቡት በዚያው ዘመን ነው። መኪና ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ ጀምረው፣ ካሴት መቅረጫ ተሸክመው ገጠር ለገጠር ዞረው፣ በኋላ በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ በሀዲይኛና በአማርኛ ዜና አነበቡ። መሣሪያው ቢለዋወጥም የአባታቸው ደንብ አልተለወጠም። ባልደረቦቻቸው እንድርያስ አጣርቶ እስኪያነብ ድንኳኑ ይነሣል እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ናስረዲን የሚባል የሆሳዕና ነጋዴ ሆመቾ ገበያ ላይ ተገደለ የሚል ወሬ በፌስቡክ ተናፈሰ። ወጣቶች ለበቀል ተሰባሰቡ። የጣቢያው ኃላፊ ሌሎች ቀድመውናልና ዜናው ይነበብ ብለው አዘዙ። አቶ እንድርያስ አላነብም ብለው በሞተር ሆመቾ ሄዱ፤ ናስረዲንንም በርበሬ ሲያስመዝን አገኙት። ድምፁን ቀርጸው አሰሙ፤ ወጣቶቹም ወደየቤታቸው ተበተኑ። እሳቸው ግን ትእዛዝ ጥሰዋል ተብለው ከማይክራፎን ተነሥተው መዝገብ ቤት ተመደቡ፤ በዓመቱም ከዚያው ጡረታ ወጡ። ይህ እስከ መጨረሻው ያንገበግባቸው እንደነበር እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቃለን።

በኩላሊት ሕመም ተኝተው ሳሉ፣ ባለፈው ወር፣ ማረፋቸው በቴሌግራም ተነገረ። እያለቀሱ የመጡ ወዳጆች ሾርባ ሲጠጡ አገኟቸው። አቶ እንድርያስ አልተቆጡም፤ ቤት ገብቶ ያየኝ ማነው ብለው ብቻ ጠየቁ።

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አረፉ። የሞርሲቶም የሆሳዕናም ዘመድ ስልክ እየደወለ ቢጠይቅም ቤተሰቡ ዝም አለ። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደየሱስ መጥተው፣ ገብተው፣ አይተው ሲወጡ ነው ጥሩምባው የተነፋው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሳላይ አልናገርም ያለችውን ነፍስ፣ ሁሉን የሚያይ አምላክ በዕረፍቱ ይቀበላት።