የክብሪት ቀፎው ልክ

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ፊት መቀመጡ አሁንም ይይዝሃል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልህ የእግር ጉዞ ረዳህ? እትዬስ እንዴት ናት? አዲሱ ሥራ ተስማማት? ትልቁ ልጅህ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ጨረሰ? ትንሿስ አሁንም እንግዳ ስታይ በእናቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነን። እማማ ከጉልበቷ በቀር ምንም አትል፤ አባባም ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ ደንበኛ መገሠጹን አልተወም። ደህና ያልሆነው የእኔ ሆድ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እህል አልዋጥልሽ ብሎኛል። ብዕር ያነሣሁትም ምክንያቱን ልነግርህ ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ እማማ አጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማች እንቅልፍ የላትም። ነገሩም ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም። ስለዚህ የዕለት ማስታወሻዬን ከጎኔ ዘርግቼ እንደሆነው አድርጌ እጽፍልሃለሁ፤ ከዚያ ምከረኝ፣ ካሻህም ተቆጣኝ።

እንደምታውቀው ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ሩቅ ያሉ ወፍጮ ቤቶች ናቸው። ዕቃ ሲሰበርባቸው መለዋወጫ ፍለጋ እዚህ ድረስ አይመጡም። የተሰበረውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ከጎኑ የክብሪት ቀፎ አድርገው፣ በስልክ ፎቶ አንሥተው ይልካሉ። ክብሪቱ ለልክ ነው። ይህን ማን እንዳስለመዳቸው አላውቅም፤ አባባ እኔ ነኝ ይላል። ድሮ እኔና እሱ ፎቶውን አይተን፣ ደውለን አስለክተን፣ ተጨቃጭቀንም ነበር ዕቃ የምንልከው። ክረምቱ ሲወጣ ሥራው ስለበዛብን ግን የአክስታችን ልጅ ፕሮግራም ሠራልን። መነጽሩ የምንለውን ልጅ መቼም አትረሳውም፤ ያው ዛሬም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬ የት ገባ እያለ ቤቱን ያምሳል። በሥራው ግን አላማውም፣ ጎበዝ ልጅ ነው።

ፕሮግራሙ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የምስል ሥራ ነው፤ ፎቶውን ያጸዳል፣ ጥላውንና ቅባቱን ከብረቱ ይለያል፣ የክብሪቱን ጠርዝ ፈልጎ ያገኝና ከእሱ ተነሥቶ የዕቃውን ልክ ያሰላል። ሁለተኛው የንድፍ ሥራ ነው፤ በተገኘው ልክ ዕቃውን ሥሎ ወረቀት ላይ ያትማል፤ ወረቀቱም ከዕቃው ጋር ካርቶን ውስጥ ገብቶ ለደንበኛው ይሄዳል። ለሁለቱም ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚሠሩ መሣሪያዎች ሞልተዋል። የትኛውን እንምረጥ በሚለው ላይ ነው እኔና መነጽሩ ስንነታረክ የከረምነው።

አሁን የምንሠራበት የንድፍ መሣሪያ ድርቅ ያለ ነው። ክቡ ይህን ያህል ይስፋ፣ ቀዳዳው ይህን ያህል ይሁን ብለህ በጽሑፍ ታዘዋለህ፤ እሱም ጥቁር መስመር ብቻ አድርጎ በብረቱ በራሱ ልክ ይሥልልሃል። መነጽሩ ያመጣው አዲሱ ደግሞ ቀለም አለው፣ ጥላ አለው፣ ብረቱን አሁን ከሣጥን የወጣ ያስመስለዋል፤ ፎቶም ያነባል። አንተም ባለፈው ደብዳቤህ ሁለቱንም ሥራ በአንድ መሣሪያ ጠቅልሉት፣ ጥገናው ይቀላል ብለህ ነበር። እኔ ግን መሣሪያ የምመርጠው ሚዛን እንደምመርጥ ነው፤ መጀመሪያ ልኩን በማውቀው ነገር እሞክረዋለሁ። በአዲሱ አንድ ንድፍ አሳተምኩና ብረቱን ላዩ ላይ ባስቀምጠው አልገጠመም። ለካ ወረቀቱ እንዲሞላና እንዲያምር ሥዕሉን በገዛ እጁ ያሳድገዋል፣ ያሳንሰዋል። መነጽሩ ልኩ እኮ በቁጥር ከጎኑ ተጽፏል ብሎ ተከራከረኝ። እኔም ደንበኞቻችን ቁጥር ከማንበብ በእጃቸው መንካት ይቀናቸዋል ብዬ፣ አንተ እስክትመልስልን ድረስ ድርቁ ይቆይ አልኩት። አኮረፈኝ፤ ሁለት ቀን ምሳ አብሮን አልበላም።

አሁን ወደ ሰኞ ልምጣ። መብራት ሄዶ ከውስጠኛው ክፍል ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጋ ላወጣ ሻማ ፈለግሁ። እማማ ምሳ ይዛ መጥታ ስለነበር ክብሪቷን ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠችኝ፤ የእኔም፣ ጠዋት የገዛሁት፣ ባንኮኒው ላይ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የእኔው አጠር ይላል። ነጋዴ አይደለሁ? ዋጋው ሳይነካ ዕቃው ሲያንስ ዓይኔ ቶሎ ያየዋል። ዳቦው አንሷል፣ ሳሙናው አንሷል፣ ክብሪቱ ቢያንስ ምን ይደንቃል ብዬ ልስቅ ስል ፎቶዎቹ ላይ ያለው ክብሪት ትዝ አለኝ።

እማማ ቀፎ እንደማትጥል ታውቃለህ። የዛሬው ወረቀት ነው፣ የድሮው ጠንካራ ነው እያለች ከአዲሱ ክብሪት እንጨቱን ወደ አሮጌው ቀፎ ትገለብጣለች። ያ ቀፎ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እሷም አታውቅም። መነጽሩን ጠርቼ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የክብሪቱን ርዝመት ስትሞላ የትኛውን ቀፎ ለክተህ ነው አልኩት። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አጠለቀና "ከወጥ ቤታችሁ ያለውን ነዋ" አለኝ።

የተላኩልንን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየናቸው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ያለው አሮጌው ቀፎ ነው፤ ደንበኛውም ነጋዴውም ያከማቹት ገና አላለቀም ነበር። የቅርብ ጊዜዎቹ ላይ ግን አዲሱ ነው። ፕሮግራማችን አጭሩን ቀፎ እንደ ረጅሙ ቆጥሮ ሁሉን ነገር ከልኩ በላይ ለክቶታል። በዚያ ልክ ከላክንላቸው ውስጥ በስልክ ያገኘኋቸው ዕቃውን ሊመልሱ ተስማሙ። ያላገኘሁት ጋሽ ዱቄትን ብቻ ነው።

ጋሽ ዱቄት ማለት ያ በልጅነትህ ቅንድቡ ነጭ ስለነበር ሽማግሌ የመሰለህ ባለ ወፍጮ ነው። ቅዳሜ የላክንለት ፑሊ ነው፤ ቺንጋው የሚዞርበትን ትልቁን ብረት ማለቴ ነው። ቀዳዳው ከማሽኑ ዘንግ ይሰፋበታል። ጋሽ ዱቄት ደግሞ ሰፋብኝ ብሎ ዕቃ የሚመልስ ሰው አይደለም። ቆርቆሮ ቆርጦ ዘንጉ ላይ ይጠቀልልና በመዶሻ ያስገባዋል። እንዲያ የተያዘ ፑሊ ማሽኑ ሲጋጋል ይላላል፤ ከላላ ደግሞ ይወረወራል። የጋሽ ዱቄት አማች ክንዱን ያጣው በእንዲህ ያለ ነገር እንደሆነ አባባ ራሱ ነው የነገረኝ። ይህን እያወቅሁ እንዴት ልብላ?

ስልኩ የሚሠራው ጉብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ሰኞ ከሰዓት ስደውል ዋልኩ፣ ዝግ ነው። ዕቃውን የጫነው ሹፌርም ኔትወርክ ከሌለበት ገብቷል። ማክሰኞ ጠዋት በአዲሱ ቀፎ ልክ አሰልተን ትክክለኛውን ፑሊ በአውቶቡስ ላክንለት፤ በካርቶኑ ላይም ማሽኑን እንዳታስነሣ ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ግን የመጀመሪያው ቀድሞታል። መነጽሩ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። አባባ፣ ዱቄት ጅል አይደለም፣ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ ይለኛል፤ ይልና ትንሽ ቆይቶ ደወለ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እስካሁን ምንም የለም። ደንበኛ መጥቷልና እዚህ ላይ ላቁም።

ወንድም ጋሼ፣ ይኸው ሐሙስ ነው። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ዱቄት ነው። ሰላምታውን ጀመረልህ። እኔ እንዴት እንዳደርኩ፣ የአባባ ሳል፣ የእማማ ጉልበት፣ የአንተ ልጆች ስንት እንደደረሱ ሳይቀር ጠየቀኝ። ጋሽ ዱቄት፣ ማሽኑ ተነሣ ወይ ብዬ ባቋርጠው፣ ቆይ እንጂ ልጄ፣ ሰው መጀመሪያ ሰላም ይባላል ብሎ ገሠጸኝና ወደ መነጽሩ ጤና አለፈ። እጄን እንዴት እንደነከስኩት ብታይ።

በመጨረሻ ነገረኝ። ትናንት ፑሊው ደርሶት፣ መስፋቱን አይቶ፣ እንደፈራሁት ቆርቆሮውን ቆርጧል፤ ዘንጉ ላይም ጠቅልሎ ጨርሷል። የቀረው የድሮውን ፑሊ ማሠሪያ ቡሎን ፈትቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ነበር። ወለሉ ዱቄት በዱቄት ስለሆነ ቡሎኑ እንዳይጠፋበት የእኛን ንድፍ መሬት ላይ አነጠፈና የድሮውን ላዩ ላይ አስቀመጠ። የንድፉ መስመር ዙሪያውን ከብረቱ ተርፎ ታየው። "ሥዕላችሁ ከብረቴ ይበልጣል፣ እኔ ነኝ ያረጀሁት ወይስ ብረቱ ነው የከሳው?" አለኝ። የቀዳዳው አልገረመውም፣ እሱን ቆርቆሮ ይሞላዋል። ሙሉው መብለጡ ግን የሌላ ማሽን ዕቃ ነው የላኩልኝ አሰኘው፤ ለመጠየቅም ጉብታው ላይ ወጣ። ሥዕሉ ገጥሞልኝ ቢሆን ዛሬ ጠዋት አስነሣው ነበር አለኝ።

ትክክለኛው በአውቶቡስ እየመጣ ስለሆነ እሱን እንዲጠብቅ ነግሬው ስልኩን ዘጋሁና ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ውሃ አመጣልኝ። መነጽሩ የአዲሱን መሣሪያ ነገር ደግሞ አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁበትም። በዚያኛው ሥለነው ቢሆን ወረቀቱ ያምር ነበር፣ ማንም ግን ብረት ለክቶበት ልዩነቱን አያውቅም ነበር።

ስለዚህ የምለምንህ ይህ ነው። ንድፉ በድርቁ መሣሪያ ይቀጥላል፤ ይህን ወስኛለሁ፣ አትከራከረኝ። ከዕቃው ጎን ቀፎውንም በልኩ እንዲሥል አዝዘነዋል፤ ደንበኛው የራሱን ክብሪት አስቀምጦበት ካልገጠመ ይደውልልናል። የሚያስጨንቀኝ የምስሉ ነው። አሁን ያለው መሣሪያ የተሰጠውን ሁሉ በሙሉ ልብ ይለካል፣ አንድም ቀን ይሄ ነገር አልገባኝም ብሎ አያውቅም። የፎቶው ቀፎ የትኛው እንደሆነ ሲጠራጠር ቆሞ የሚጠይቅ አድርጎ መሥራት የሚቻልበት ካለ ፈልግልኝ። እስከዚያው በፎቶ መለካቱን አስቁሜዋለሁ፤ እንደ ድሮው እየደወልን ነው። ሳናውቀው ያመለጠን ሌላ ዕቃ ይኖር ይሆን እያልኩ ግን፣ ከወፍጮ ቤት ስልክ በመጣ ቁጥር ሰላምታውን ሳልጨርስ ማሽኑ ተነሣ ወይ እላለሁ።

እንድትሞክርበት በዚህ ወረቀት ጀርባ ሁለቱንም ቀፎዎች ዙሪያቸውን በእርሳስ አስምሬልሃለሁ። የውጪው የእማማ ነው፣ የውስጡ አዲሱ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለችው ቀጭን ነጭ ናት እህል የከለከለችኝ።

ለእትዬ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ ሥራው ይቅናት። ትልቁን ልጅህን ጥርሱን እንዲቦርሽ፣ ትንሿን ደግሞ ከቀሚሱ ወጥታ በስልክ አክስቴ እንድትለኝ ንገራቸው፤ ሁለቱንም ሳምልኝ። አባባ ወገብህን እንድትጠብቅ ይልሃል። መነጽሩ እጅ ይነሣል፤ ተቆጥቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሎኛል። እማማ ደግሞ ቀፎዋ ከሰኞ ጀምሮ እንደጠፋባት ነው፤ ቤቱን ሁሉ እየፈለገች ነው። እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ አንተ እስክትመልስ አልሰጣትም። ስትደውልላት የቀፎውን ነገር እንዳታነሣባት።

እህትህ

ከመለዋወጫ ሱቃችን፣ ከባንኮኒው ላይ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን