ስለቱ ደርሷል ወይ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱፣ ኮምቦልቻ

ኩላሊቴን ለልጄ ለሰዓዳ ከሰጠሁ ዓመት ሞላ። ዛሬ ደሴ ያለው ሐኪሟ፣ «ኩላሊቱ በደንብ ይሠራል፤ መድኃኒቱን ግን ዕድሜዋን ሙሉ እንዳታቋርጥ» አለኝ። ታዲያ ድናለች ወይስ አልዳነችም? «ከዳነችልኝ» ብዬ የተሳልኩት በግ ጓሮ ታስሯል። ባሳርደው መድኃኒቱ ሳያበቃ ድናለች ብዬ የዋሸሁ፣ ባላሳርደው ደግሞ አላህን የከዳሁ ይመስለኛል። ስመለስ ሼኻችንን ብጠይቃቸው፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ። እኔማ ባውቀው ምን አስጠየቀኝ!

ተናድጄ ቤት ስገባ ሰዓዳ በጉን ውሃ ታጠጣለች። አምና፣ ኩላሊቴን ሳልሰጣት በፊት፣ ለሷ ውሃ የምሰጣት በሲኒ እየለካሁ ነበር፤ ከዚያ ካለፈ ታብጥብኛለች። ዛሬ በጉ ሲጠግብ ሌላ ጆግ ሙሉ ቀድታ፣ እንደቆመች ጭልጥ አደረገችው።

«ቁጭ ብለሽ ጠጪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!» ብዬ ጮህኩባት። ለካ እንደ ጤነኛ ልጅ እየተቆጣኋት ነው።