ካርቡሬተሩ ከወረደ በኋላ

ለተከበርከው ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሙሉቀን፣ ጆሃንስበርግ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? የባለቤትህ የቤተልሔምና የትንሿ የሐና ጤንነትስ? የእናንተ ክረምትና በጋ ከእኛ ጋር ተገላቢጦሽ ነውና ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ብርዱ ጀማምሮ ይሆናል፤ ለደረትህ ተጠንቀቅ። ሱቅህስ ሰላም ነው? ሰፈሩስ ረግቷል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬም፣ እህታችን ፀሐይም፣ እኔም በአካል ደህና ነን። «በአካል» የሚለውን ቃል ያስገባሁት አስቤበት ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ የተናገርከውን እማዬ ሰምታዋለች። ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ተለቆ ነበር። «ታምራት መኪናዋን ሆን ብሎ ነው ቤንዚን ያስራባት፤ እኔ የላክሁት ኢንጀክሽን እንዳይሳካ» አልክ። ያን ጊዜ አልመለስኩልህም። እናት በተቀመጠችበት ከታላቅ ወንድም ጋር ቃል መመላለስ በቤታችን አልተለመደም፤ በንዴት የሚሰጥ መልስም ልክ አይሆንም። ስለዚህ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጽፍልህ ወሰንኩ። አንብበህ ጥፋት ካገኘህብኝ ከነማስረጃው ንገረኝ። ካላገኘህብኝ ግን የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ።

የአባታችን ፒክአፕ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በአሮጌው ካርቡሬተር ሳለች እንከን አልነበራትም ብዬ አልከራከርም። አንተም እኔም ከኋላዋ ተጭነን ነው ያደግነው። በበጋ እኩለ ቀን የቆላው ሙቀት ቤንዚኑን ቧንቧው ውስጥ እያፈላው ቀጥ ትል እንደነበር፣ አባታችንም ኮፈኑን ከፍተው በነዳጅ ፓምፗ ላይ ርጥብ ጨርቅ እየጠቀለሉ እንደሚያስነሷት ታስታውሳለህ። የደብረ ሲናን ዳገት ስትወጣ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ መቀነስ ስለማያውቅ ጣርማበር ሳትደርስ ጥቁር ጭስ ትተፋ ነበር። አንተ የላክኸው፣ ቤንዚኑን ለክቶ የሚረጨው ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ለሁለቱም ሕመም መድኃኒት ነው። ቤንዚኑን በግፊት ስለሚይዘው በቀላሉ አይፈላበትም፤ ኮምፒውተሩም አየሩን እየለካ መጠኑን ያስተካክላል። አንተ ሐሳቡን ያመጣህ ዕለት ይህን የነገርኩህ እኔው ነኝ። ኢንጀክሽንን አልተቃወምኩም።

የተናገርኩት መኪናዋ ስለምትሠራበት ቦታ ነበር። ኢንጀክሽን ንጹሕ ቤንዚን ይፈልጋል። ፓምፑ የሚቀመጠው ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ሰጥሞ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ያው ቤንዚን ነው። ታንኩ ሲጎድል ይግላል፣ ደጋግሞ ከጋለ ይቃጠላል። በእኛ አገር ደግሞ ማደያው ቤንዚን ካለው ቀን የሌለው ቀን ይበልጣል፤ የምንቀዳውም የምግብ ዘይት ከነበረበት ጀሪካን ነው። በዚያ ላይ የአባታችን ደንብ አለ።

ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። በእድራችን ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ካስፈለገም አስከሬኑን የምታደርሰው የእኛ መኪና ነበረች፤ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይባል። አባታችን ለዚህ ዋጋ ተቀብለው አያውቁም። የሐዘንተኛው ጎረቤቶች ለዚያች መንገድ ብቻ የምትበቃ ቤንዚን ይዘው ይመጣሉ፤ ጨምረው ሊያንቆረቁሩ ሲሉ እጃቸውን ይይዟቸው ነበር። «ከለቅሶ ቤት የተረፈ ነገር ከእኔ ቤት አያድርም» ይሉ ነበር። ስለዚህ ያቺ መኪና ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በጎደለ ታንክ ነው። ካርቡሬተር ይህን ችሎ ይኖራል፤ ቤንዚን ሲያልቅበት ይቆማል፣ ሲጨመርለት ይነሣል። ኢንጀክሽን አይችለውም።

ይህን ሁሉ በቤተ ዘመዱ ፊት አስረዳሁ። አጎታችን ጋሽ ሞገስ እስክጨርስ ታገሡኝና፣ «ልጄ፣ ያንተ መኪና የምትጠጣው ጠመኔ ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ፀሐይ እንኳ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። የቴክኒክ ኮሌጅ አስተማሪነቴ በዚያች ቀን ከሰሌዳ የማያልፍ ዕውቀት ሆኖ ተፈረደበት። ቀጥለውም ባሕር ተሻግሮ ያየ ሰው ከላከው ዕቃ ጋር ክርክር ምን ይባላል ብለው ነገሩን ዘጉት። አልፈርድባቸውም። እኔ በየቀኑ እታያለሁና ስሳሳትም እታያለሁ። ውጭ ያለ ሰው ሲሳሳት የሚያየው የለም።

ዕቃውን የገጠመው የሸዋ ሮቢቱ መካኒክ ሱሌይማን ነው። ሥራውን አልነቅፍም፤ በፍቅር ነው የሠራው። እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወረደው ካርቡሬተር ለክፉ ቀን እኛ ቤት ይቀመጥ አልኩ። በዚህ ባሉ ጋራዦች ልማድ ከመኪና የወረደ ዕቃ የመካኒኩ ነው፤ በልመና ካልሆነ አይመለስም። ጋሽ ሞገስ ልመናዬን ሰምተው፣ «የወለቀ ጥርስ ጣራ ላይ ይወረወራል እንጂ ኪስ ውስጥ አይያዝም» ብለው ለሱሌይማን መረቁለት። እሱም ለአንድ የአሊዩ አምባ ደንበኛው ገጠመው። ዛሬም በዚያ ሰው መኪና ላይ ይሠራል።

እውነቱን መጻፍ አለብኝ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር መኪናዋ እንደ አዲስ ሆነች። እማዬን ለዓይኗ ደብረ ብርሃን ስወስዳት ያንን ዳገት ያለ ጭስ፣ ያለ ሳል ወጣችው። እማዬ ግራ ገብቷት፣ «ምነው ዝም አለች፣ አኩርፋ ነው?» አለችኝ። የዚያኑ ሰሞን ደውዬ ምስጋናዬን እንዳቀረብኩልህ አትክድም። ታንኩም እንዳይጎድል የምችለውን አደረግኩ፤ ማደያው ባለው ቀን ተሰለፍኩ። በሌለው ቀን ግን ጉዞው የእድር ሲሆን ምን ልበል? ሬሳ አስተኝቶ ለቆመ ጎረቤት «መንገዱ አጭር ቢሆንም ፓምፑ እንዳይግል ታንኩን ሙላልኝ» የሚል አንደበት አባታችን አላወረሱንም።

በየካቲት ማገባደጃ ጎረቤታችን ጋሽ አሊዪ ዐረፉ። አባታችን ሲያርፉ አንተ መምጣት ስላልቻልክ፣ በታላቅ ልጅ ቦታ ከአስከሬኑ ራስጌ የቆሙት እሳቸው ነበሩ። ሕይወታቸው ያለፈው ሸዋ ሮቢት፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ጎረቤቶች እንደ ደንቡ ቤንዚኑን በጀሪካን አመጡ፣ እንደ ደንቡም ለመንገዱ ብቻ የምትበቃ ነበረች። ጀናዛውን ጭነን ወደ መንደራችን ተነሣን፤ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ከመግሪብ በፊት መቀበር ነበረባቸው። ከጀውሃ ተገንጥለን የጠጠሩን መንገድ ጥቂት እንደሄድን፣ ማሽላ የታጨደበት ማሳ ዳር፣ መኪናዋ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለች። ካርቡሬተር ሲታመም ያስላል፣ ይንገዳገዳል፣ ሰው ይዘጋጃል። ይህኛው ቃል ሳይተነፍስ ነው የሚሄደው።

ሁላችንም ጾመኞች ነበርን፤ እነሱ በረመዷን፣ እኛ በሁዳዴ። አንድ ሽማግሌ ለማንም አፍ ያልደረሰውን ውሃ ከኮዳቸው በሽርጣቸው ላይ አፍስሰው፣ እንደ አባታችን ጊዜ ሊጠቀልሉበት ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉ። የሚጠቀለልበት ፓምፕ እዚያ እንደሌለ አልነገርኳቸውም። ጨርቁን ሞተሩ ላይ አኑረው ቢስሚላህ አሉ፤ እኔም እንደማይነሣ እያወቅኩ ቁልፉን አዞርኩ። ያን ጊዜ የጋሽ አሊዪ ልጅ አብዱልሃዲ ወደ መስኮቱ መጥቶ በዝግታ፣ «ታምራት፣ አባቴን አውርዱልኝ። መኪና ይጠብቃል፤ ጀናዛ አይጠብቅም» አለኝ።

በቃሬዛ እየተቀባበልን በትከሻችን ተሸከምናቸው። እኔም ተሸከምኩ። ከኋላዬ አንዱ፣ «አባትየው በጨርቅ ያስኬዳት ነበር፤ ልጅየው በኮምፒውተር አቆማት» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ተው፣ ሬሳ ፊት ነው ያለኸው» አለው። ጀምበር ሳትጠልቅ ደረስን፤ ቀብሩም ተፈጸመ። አብዱልሃዲ ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር ከድሮው አብልጦ ሰላም ይለኛል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይከብደኛል።

መኪናዋ ተጎትታ ስትገባ ሱሌይማን ታንኩን አወረደ። ፓምፑ ተቃጥሏል፣ ማጣሪያውም በዝቃጭ ተደፍኗል። ፎቶግራፉን በዚያው ቀን ልኬልሃለሁ። አንተ ከፎቶግራፉ ያነበብከው እኔ እንዳስራብኳት ነው። ጋሼ፣ ለማሸነፍ ብዬ መኪና የማቆም ሰው ብሆን፣ ጋሽ አሊዪን ከኋላዬ አስተኝቼ የማቆማት ይመስልሃል?

ሌላ ፓምፕ እልካለሁ ብለሃል። እባክህ አትላክ። አንተ ባለህበት ከተማ ላለ አሮጌ መኪና ኢንጀክሽን ይገጠም ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ያለ ማመንታት ይገጠም እላለሁ፤ ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፣ ኮምፒውተሩን የሚመረምር ባለሙያም ቅርብ ነው። እዚህ ግን ፓምፑን ለማኖር የአባታችንን ደንብ ማፍረስ ሊኖርብን ነው፤ ያንን እኔ አላደርገውም። ሱሌይማን ያገለገለ ካርቡሬተር ሊያፈላልግልን ቃል ገብቷል። ቤንዚን አብዝታ ትጠጣለች፣ ሙቀቱ ያቆማታል፣ ዳገት ላይ ታጨሳለች። ይህን ሕመሟን ግን መንደሩ ሁሉ ማስታመም ያውቅበታል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ረቡዕ ዕለት የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። እማዬ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣችና ለመኪናዋ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። መኪናዋ ከጋራዥ እንዳልወጣች ዘንግታው ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክሌ ከጀውሃ ሌላ ፒክአፕ አስመጥተው ነበር፤ ድንኳኑን ጭኖ በተከፈተው በራችን ፊት አለፈ። እማዬ እስኪርቅ አየችው። ከዚያ በሩን ራሷ መልሳ ዘጋችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ታምራት፣ ሙሉቀን ያለው እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

አይደለም አልኳት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያቀረብንላትን ሳትነካው ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ወደ ኮሌጅ ስወጣ ትመርቀኝ የነበረውን ምርቃት ትታዋለች። ይህን ሁሉ ስሌት ለእሷ ማስረዳት አልችልም፤ ብችልም የአንተ ቃል ከእኔ ቃል እንደሚከብድ በቤታችን የታወቀ ነው። ስለዚህ ቃሉን ያኖርከው አንተ ነህና አንተው አንሣው። ለእማዬ ደውል፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገህ፣ ታምራት አላደረገውም በላት። ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አልፈልግም። እሷ እንድትሰማ ብቻ ነው የምፈልገው።

ለቤተልሔም ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ትንሿን ሐናን ግንባሯን ሳምልኝ። ፀሐይ በጣም ናፍቃሃለች፣ ለፋሲካ ደውልልኝ ብላሃለች። ጋሽ ሞገስም ሰላም ብለውሃል፤ ስለ አዲሱ ፓምፕ እየጠየቁ ነው። አብዱልሃዲ ለላክኸው ማጽናኛ አላህ ይስጥልኝ ብሏል። እማዬ ይህን ደብዳቤ መጻፌን ስለማታውቅ የእሷን ሰላምታ ልጨምርልህ አልችልም፤ ስትደውል ከራሷ አፍ ትሰማዋለህ።

ታናሽ ወንድምህ ታምራት
ከኮሌጁ፣ ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.