የዶሮዎቼን ውሃ ለማኅበርተኛ ስላቀረብኸው

የቤት ተጋሪዬ እንግዳው፣ ጀሪካኑ ላይ «የዶሮ ነው» ብዬ ስላልጻፍሁ ነው የቀዳኸው?

በዶሮዎቹ ውሃ ላይ እንዲጨመር ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር ያብላላሁትን፣ ትናንት ብርዝ ነው ብለህ ለማኅበርተኞችህ አቀረብህ። ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። እትዬ ደብሪቱ «ደረቴን ከፈተልኝ፣ ድገመኝ ልጄ» አሉ። አንተም ሳታፍር «የእናቴ አሠራር ነው» አልህ።

ባለፈው ወር በእነዚሁ ሰዎች ፊት «አስማረ እኮ ለዶሮ ጠላ ይጠምቃል» ብለህ ስታስቅብኝ የእናትህ አሠራር አልነበረም።

ጫጩት ላመጣ ዳንግላ ሄጃለሁ። ከጀሪካኑ ሥር የቀረችውን ለሰው እንዳትቀዳ። ከእሷ አንድ ማንኪያ ብቻ በዶሮዎቹ ውሃ ጨምር። ቀይዋ ዶሮ ሽታው ከሌለበት አትጠጣም፤ እሷን እንኳ ማታለል አትችልም።

ማሩ ያንተ ነበር። እሱን ስመለስ እንነጋገርበታለን።

ዛሬ ጠዋት ለመንገድ ስወጣ ግን እትዬ ደብሪቱ ባዶ ጠርሙስ ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «የእንግዳው እናት መድኃኒት አለቀ?» አሉኝ። «እሱን እንግዳውን ይጠይቁት» ብያቸው ወጣሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት ቆመህ መልስ፤ ያን የጠጡትን ማን ሠራው? የሠራውስ ለማን ነበር?